ሐሊማን ዳግም እንዴት እንዳስነሣናት

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር እንደገና የባቡር ነጂ ሆንኩ። ያውም ጅግጅጋ ላይ፣ ሀዲድ ደርሶባት በማታውቅ ከተማ፣ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ነገሩን ስትሰማ፣ «ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፤ አንተ ደግሞ ባቡር ይዘህብኝ መጣህ» ብላ ሳቀችብኝ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ለመናገር ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው። ወታደር ቤት የከባድ መኪና መካኒክ ሆኜ ቆይቼ፣ መንግሥት ሲለወጥ መለዮዬን አውልቄ ሥራ ፍለጋ ድሬዳዋ ገባሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። የናፍጣ ሞተር ፈትቼ መግጠም እንደምችል ያየ አንድ የባቡር ፎርማን፣ «እስቲ መኪናውን ተውና ትልቁን ሞተር ሞክረው» አለኝ፤ በዚያው ረዳት ነጂ ሆኜ ቀረሁ። ደሞዟ ትንሽ ነበረች፤ ስለ እሷ ይኼን ያህል ካልኩ ይበቃል። የመጀመሪያ ምድቤ አይሻ ሆነ፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ፣ ድንበሩ አጠገብ ያለች፣ ነፋሱ ራሱ የሚያቃጥልባት ከተማ።

የተመደብኩለት ነጂ ሮብሌ ይባላል። የዚያው የአይሻ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። በእኔ ዕድሜ ላይ አሥር ምናምን ዓመት ይጨምራል። ፊቱ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ «ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር ተመድቤያለሁ» ስለው ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

«ከእነማን ጋር?»

«ከእርስዎ ጋር።»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ። አንተ በለኝ። አላህን አንተ እያልን ሮብሌን እርስዎ የምንልበት ምን ምክንያት አለ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንተ አልኩት። እናቴ ብትሰማ ደንግጣ ትሞት ነበር።

ያን ጊዜ የምንነዳት ሎኮሞቲቭ፣ ማለት ፉርጎዎቹን ሁሉ የምትስበው የባቡሩ ራስ፣ ሐሊማ ትባል ነበር። ከፈረንሳይ አገር የመጣች አሮጌ የናፍጣ ማሽን ናት። አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለ፣ ቀለሟ አረንጓዴ፣ ሁለት ትንንሽ መስኮቶቿ እንደተገረመ ሰው ዓይን ወደ ላይ የተከፈቱ። የጎኗ ቁጥር በፀሐይ ተልጦ ሲጠፋ ስም ወጣላት። ማን እንዳወጣላት የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሲጠሯት ግን ከጣቢያ ሹሙ እስከ ኮንትሮባንድ ነጋዴዎቹ ድረስ ሁሉም ሐሊማ ነበር የሚሏት።

ሮብሌ ሥራ የሚጀምረው ባቡሩ ከመነሣቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ይዞራታል። ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዝዝና በጣቱ ነክቶ ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። ዘይቱ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ከሆነ አንዱ ሲሊንደር ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው። እኔ በመሣሪያ የማገኘውን ብልሽት እሱ በአፍንጫው ያገኘው ነበር። ከዚያ አሸዋው ይመጣል። የብረት ጎማዎቹ ሀዲዱ ላይ እንዳይንሸራተቱ ከፊታቸው የሚረጭ አሸዋ አለ፤ እርጥብ ከሆነ ቧንቧውን ይደፍነዋል። ሌሎቹ ነጂዎች አሸዋውን ለቀን ሠራተኛ ይተዉታል። ሮብሌ ግን ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ በወንፊት ራሱ ይነፋዋል። ሚስቱ የዱቄት ወንፊቷን ስንት ጊዜ ጣቢያ ድረስ መጥታ ነጥቃዋለች።

ዳገት ላይ ደግሞ ማውራት የለም። አንድ ቀን ከአዲጋላ በታች ስንወጣ ስለ ምሳ አንድ ነገር ጠየቅሁት። መልስ የሰጠኝ ዳገቱን ጨርሰን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ነው። «ሩዝ» አለኝ። እኔ ጥያቄዬን ረስቼው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የነጂነት ፈተና አልፌ ሐሊማን ለራሴ ተረከብኩ፤ ሮብሌ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ የነጂዎች ኃላፊ ሆነ። ያኔ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ማየት ጀመርኩ። ጥፋቴም የመጣው በዚያው ጊዜ ነው።

ሐሊማ የራዲያተሯ ውሃ ሲግል የሚጮህ ደወል ነበራት። በአንድ የበጋ ሳምንት ደወሉ ያለ ምክንያት መጮህ ጀመረ። ወርጄ ውሃውን አያለሁ፣ ደህና ነው። እንደገና ይጮሃል፤ እንደገና አያለሁ። በአራተኛው ቀን ጆሮዬ ሰለቸው። ጣቢያ ስንደርስ ለጥገና ማስመዝገብ ነበረብኝ፤ ካስመዘገብኩ ግን ሐሊማን ለሁለት ቀን ይወስዱብኛል። ስለዚህ አንድ ጨርቅ ጠቅልዬ ደወሉ ውስጥ ወተፍኩት።

በማግስቱ ከጅቡቲ ሰውና ጭነት ሞልተን ስንመለስ፣ አይሻን አልፈን ወደ አዲጋላ የሚያወጣውን ዳገት ያዝን። የሞተሩ ድምፅ ከብዶ ነበር፤ ጭነቱ ነው ብዬ አለፍኩት። የውሃው ቧንቧ ግን ከሥር ተሰንጥቆ ውሃው ሁሉ ሀዲዱ ላይ ፈስሶ አልቋል። ደወሉም በጨርቁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ኖሯል። ሐሊማ አንድ ጊዜ እንደ ጥይት ጮኸችና ቆመች። ፒስተኑ በሙቀት ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ፣ እኛ ነክሷል እንደምንለው፣ ሞተሯ ደርቋል።

ጥላ የሌለበት ሜዳ ነው። ሕፃን የያዙ እናቶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ። ተሳፋሪው ከፉርጎው ወርዶ በባቡሩ ጥላ ሥር ተደረደረ፤ ጥላው ሲዞር ሰውም አብሮ ይዞራል። ከሰዓት በኋላ አካባቢው ያሉ ከብት አርቢዎች አዩንና በግመል ውሃ ይዘው መጡ፤ ወተትም በእንጨት ዕቃ አመጡ። አንዲት አሮጊት ለተሳፋሪው ሁሉ ካደሉ በኋላ ወደ እኔ መጥተው፣ በሶማሊኛ «አንተም ጠጣ እንጂ፣ ስትለፋ ነው የዋልከው» አሉኝ። ዕቃውን ተቀበልኩ። ሳልቀምሰው ሕፃን ለያዘች አንዲት እናት አሳለፍኩት።

በበነጋው ጠዋት ሮብሌ ከድሬዳዋ ሌላ ሎኮሞቲቭ ይዞ ደረሰ። በቀጥታ ሄዶ ሐሊማን ዞራት፤ ገብቶ ከደወሉ ውስጥ ጨርቁን መዘዘ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ።»

«እሱንማ አያለሁ። ሥራው ምንድን ነው?»

«ደወሉን… ዝም ያሰኛል።»

ጨርቁን እጄ ላይ አስቀመጠው። «ሪፖርቱን አንተ ጻፈው» አለኝና ፉርጎዎቹን ሊያያይዝ ሄደ።

ጻፍኩት። «ቧንቧ በመፈንዳቱ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ጨርቁ አንድ ቃል አልነበረውም። ሮብሌ አነበበውና ለአለቆች አስተላለፈው። ሦስት ቀን ድሬዳዋ ውስጥ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቀኛል፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ቢሮ ገብቼ ወረቀቱን አስመለስኩና ስለ ጨርቁ ጨምሬ እንደገና ጻፍኩት። ከነጂነት አውርደው ጥገና ክፍል አስገቡኝ፤ ለሁለት ዓመት።

ያንን ሁለት ዓመት ዛሬ ሳስበው ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ያተረፈልኝ እሱ ነው። ሐሊማን እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ድረስ ፈታናት። የነከሰውን ፒስተን በገዛ እጄ አወጣሁ። ሮብሌ በየሳምንቱ ብቅ ይላል፤ ጥያቄው አንድ ናት፦ «ዛሬ ምን ፈታህ?» እመልስለታለሁ፤ ያዳምጣል፤ ይሄዳል። ሐሊማ ተገጣጥማ ያለቀች ቀን ፎርማኑ የማስነሻውን ቁልፍ ለሮብሌ ሲሰጠው፣ ሮብሌ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ያደረቃት ያስነሣት» ብሎ ለእኔ አሳለፈልኝ። ስትነሣ የሳቅነው ሳቅ እስከ ገበያው የተሰማ ይመስለኛል።

ወደ ነጂነቱ ተመልሼ ብዙ ዓመት ሠራሁ። በኋላ መስመሩ እያረጀ፣ ባቡሩ በቀን የነበረው በሳምንት፣ በሳምንት የነበረው በወር እየሆነ ሄደ። ሮብሌ ጡረታ ወጥቶ አይሻ ገባ። አንድ ቀን ደግሞ ሐሊማን አይሻ ጣቢያ የጎን ሀዲድ ላይ አቁሙ ተባልን፤ አቆምናት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አንቀሳቅሱ አላለንም።

ጥሩነሽ ዘመዶች ጅግጅጋ ነበሯት። እነሱ ጋር ሄደን እሷ የልብስ ሱቅ ከፈተች፤ እኔ የውሃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱ የናፍጣ ሞተሮች ጠጋኝ ሆንኩ። አለቃዬ ኑር የሚባል አጭር፣ ፈጣን ሰው ነበር። የደገሀቡር ፓምፕ ሲበላሽ ደውሎ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ «ግርማ፣ ደገሀቡር ዝም አለች» ይለኛል። መኪና ላይ ወጥቼ እሄዳለሁ። አንድ ድርቅ በበዛበት ወቅት ደርሼ መሣሪያዬን ሳላወርድ ዘይቱን አሸተትኩና ሁለተኛው ሲሊንደር ነው አልኩ። ለኑር ጠንቋይ መሰልኩት። ውሃው ሲመጣ ቢጫ ጀሪካን የያዘው ሰልፍ ያጨበጨበውን ጭብጨባ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በሀርሺንም፣ በሌሎቹም ወረዳዎች እንደዚያው ስሠራ ኖርኩ። ስድሳ ሲሞላኝ ደብዳቤ ሰጥተው፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ።

እቤት ዋልኩ። ሦስት ወር ሙሉ የሱቁን በር ስከፍትና ስዘጋ፣ ደህናውን ማራገቢያ ፈትቼ ስገጥም ከረምኩ። አንድ ጠዋት ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ሴት ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«አዴር ግርማ ማለት አንተ ነህ?»

አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። «ነኝ» አልኩ።

«ሆዳን ነኝ። የሮብሌ ልጅ።»

አይሻ እያለሁ ያቺ ወንፊት ስትነጠቅ እናቷን ተከትላ የምትሮጠው ትንሽ ልጅ ነበረች። አሁን ጅግጅጋ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ተቃቅፈን ሳንጨርስ፣ «ና፣ የማሳይህ አለ» ብላ ባጃጅ አስቆመች።

ማሠልጠኛው ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ከፈተች። በኮምፒውተር ባቡር የሚነዳበት ጨዋታ አለ። እንደ እውነተኛው ፍሬን አለው፣ ጡሩምባ አለው፣ ጣቢያ አለው። መጀመሪያ ያሳየችኝ በረዶ ላይ የሚሄድ የፈረንጅ ባቡር ነው። «ይኼ ከጨዋታው ጋር የሚመጣው ነው» አለችኝ። «ግን ሰዎች የየአገራቸውን ሎኮሞቲቭ ራሳቸው ሠርተው ይጨምሩበታል። ከዚያ ዓለም ሁሉ አውርዶ ይነዳዋል። የእኛን ማንም አልሠራውም። እኔ ጀምሬያለሁ።»

አንድ ቁልፍ ስትነካ ሐሊማ መጣች።

ራሷ ናት። ደፍጠጥ ያለ አፍንጫዋ፣ የተገረሙት መስኮቶቿ፣ የተላጠው ቁጥሯ ሳይቀር። ከኋላዋ ያ ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ፣ ያ ነጭ ሰማይ። ሆዳን ከድሮ ፎቶግራፎች ላይ እየለካች ነው የሠራቻት። ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነሣችው፤ እኔም ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ።

«ምነው አዴር?»

«ልጄ፣ ይቺ ሐሊማ አይደለችም። ይቺ ጉንፋን የያዘው ወፍጮ ናት።»

አልተቀየመችም። «አውቃለሁ» አለች። «ድምፁ የሌላ አገር ሎኮሞቲቭ ነው፤ ሌላ አላገኘሁም። ችግሩ ደግሞ እሱ ላይ ነው። አባቴ ዓይኑ ጠፍቷል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ምንም አያይም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በአይሻ ሲያልፍ፣ ‹ይኼ ነገር ያልፋል ወይስ ነፋስ ነው?› እያለ ይጠይቃል። ይኼን ሁሉ የምሠራው ለእሱ ብዬ ነው። ሥዕሉ ምን ያደርግለታል? ድምፁ ከሌለ ምንም አልሠራሁም።»

ያን ዕለት ከምሳ በፊት የሐሊማን ድምፅ በአፌ ላወጣላት ሞከርኩ። በዝግታ ቆማ ስትሠራ፣ «ዱግ-ዱግ… ዱግ፣ ዱግ-ዱግ… ዱግ» እያልኩ፤ ትንሽ የምታነክስ ናትና። የኃይል መጨመሪያዋ ስምንት ደረጃ ነበረው፤ ከሦስት ወደ አራት ስትሄድ አንድ ትንፋሽ ያህል ትዘገያለች፤ እሱንም በአፌ ሠራሁት። ሆዳን በስልኳ ትቀዳለች። ቀና ስል የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በሩን ሞልተውታል፤ አንዱ፣ «አስተማሪ፣ ሽማግሌው አሟቸዋል?» ብሎ በአክብሮት ጠየቀ።

እንደማይሆን ሁለታችንም ገባን። እሷም ከበሩ ፈንጠር አለችና የደበቀችውን ነገረችኝ። «አዴር፣ እውነተኛዋ ሐሊማ አሁንም አይሻ ቆማለች። ግን ለብረት ሊቆራርጧት ነው። የዚህ ወር መጨረሻ ላይ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አልኩ።

የፈቃድ ደብዳቤው ሁለት ቢሮና አራት ፊርማ ወሰደ፤ ነገሩ ለማንም ስላልገባው ማንም አልከለከለንም። በካራማራ ተራራ ተሻግረን፣ በድሬዳዋ ዞረን አይሻ ገባን። ሮብሌ ጣቢያው በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ይጠብቀን ነበር። ጢሙ ነጥቷል፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። እጄን ያዘና መዳፌን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«አሁንም ትፈታለህ» አለ።

«እፈታለሁ።»

«ጥሩ። ምሳ ቀርቧል፤ መጀመሪያ እሷን እይ።»

ሐሊማ ጎማዋ ዝጎ፣ ውስጧ አሸዋ ሞልቶ፣ አንዲት ወፍ የነጂው ክፍል ውስጥ ጎጆ ሠርታ አገኘናት። ሁለት ቀን ሠራሁ። ዘይቷን ቀየርኩ፤ የነዳጅ ማጣሪያዋን አጠብኩ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ዝም ብሎ አይነሣም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ከሆነ ይሰብረዋል። ስለዚህ የሲሊንደሮቹን ማስተንፈሻ ከፍቼ፣ ሁለት ጎረምሶች ረጅም ዘንግ ይዘው ሞተሩን በክንዳቸው ቀስ እያሉ አዞሩት። በመጀመሪያ ምንም አልተነቃነቀም። በኋላ አንድ ጣት፣ ከዚያ አንድ ክንድ፣ ከዚያ ሙሉ ዙር ዞረ። ከአንዱ ቀዳዳ የዛገ ውሃ እንደ ምራቅ ፊጭ አለ። ሮብሌ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ «አምስተኛው ነው አይደል? ሁልጊዜ እሱ ነበር» አለ። አምስተኛው ነበር።

የቀረን ባትሪ ነው። የሐሊማ ባትሪዎች ከሞቱ ቆይተዋል። ሆዳን አስፋልቱ ዳር ወደተሰለፉት የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች ሄደች፤ ምን ብላ እንዳሳመነቻቸው አላውቅም፤ ሾፌሮቹ ባትሪያቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ አድርገው ተከትለዋት መጡ። አሥራ ሁለት ባትሪ! ስድስት ስድስት አድርጌ በሁለት ረድፍ አያያዝኳቸው። አንድ የውሃ ቦቴ ነጂ ሳንጠይቀው ራዲያተሯን ሞላልን። እስከዚያ ድረስ አይሻ በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ ሻይ ሻጮቹ ሳይቀሩ ቴርሞሳቸውን ይዘው መጥተዋል።

ቁልፉን ተጫንኩ። ሐሊማ አቃሰተች፣ ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ሳለች፣ ዝም አለች።

እንደገና። ዝም።

ባትሪዎቹ ሌላ ሦስት ሙከራ አይችሉም። ያኔ ሮብሌ ተነሣ፤ በሆዳን ክንድ ተደግፎ ቀረበና ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። «አንድ ጊዜ ብቻ አዙርልኝ» አለ። አዞርኩ። «አየር ነው የምትጠጣው» አለ። «የነዳጁ መስመር፣ ከማጣሪያው በኋላ ያለችው መገጣጠሚያ። ስትገጥም ቸኩለሃል።»

ሄጄ ዳሰስኳት። እውነትም አልጠበቀችም፤ ቸኩዬ ነበር። አየሩን አስወጥቼ አጠበቅኳት፤ ናፍጣው ያለ አረፋ ሲወርድ እያየሁ ለራሴ ሳቅሁ።

አራተኛው ላይ ተነሣች።

መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ያ ድምፅ፦ እያነከሰ፣ ሆድን ከውስጥ እየነቀነቀ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሾፌሮቹ ተቃቀፉ፤ ወፏ ጎጆዋን በሌላ ቦታ አስቀምጠንላት ስለነበር ጣሪያው ላይ ሆና ትጮሃለች። ሆዳን መቅጃዋን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «ጸጥ በሉ! እልልታው እየገባ ነው!» እያለች ትለምናለች፤ የሚሰማት የለም። ሮብሌ ከዘራውን አንሥቶ ፊቱ ያለውን ሾፌር በሶማሊኛ፣ «ኣሙስ!» አለው። ዝም በል ማለቱ ነው። ሾፌሩ የናዝሬት ልጅ ነበር፤ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው!» አለኝ።

ሳቁ እስኪያልቅ ሌላ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ስምንቱንም ደረጃ አንድ በአንድ ሰጠኋት፤ ጡሩምባዋን፣ የአየር መጭመቂያዋን፣ የበሯን መንጫጫት ሳይቀር ሆዳን ቀዳች። አጥፋት ስባል ሮብሌ፣ «ትንሽ ተዋት» አለ፤ አንድ ሰዓት ተውናት። በወሩ መጨረሻ ብረት ቆራጮቹ መጥተው ሥራቸውን እንደሠሩ ሰማሁ። እኔ ግን የማስታውሳት እየሠራች ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከወጣትነቴ ይልቅ ብዙ የሠራሁባቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጅግጅጋ ማሠልጠኛው ውስጥ ተቀምጠን ሆዳን ትሠራለች፣ እኔ አርማታለሁ። «ይኼ ኩርባ ወደ ግራ ቶሎ ይዘጋል።» «እዚህ ጋ ድልድይ አለ፤ ድምፁ ባዶ ይሁን።» ስለ ደወሉና ስለ ጨርቁ ነገርኳት፤ ከአባቷ ሰምታው አታውቅም። «ነጂው ከፈለገ ደወሉን የሚያፍንበት ቁልፍ ላድርግ?» አለችኝ።

«አድርጊ» አልኳት። «ሲያፍነው ግን ሞተሯ ትንከስ።»

ሥራው አልቆ ኢንተርኔት ላይ በወጣ በሳምንቱ ከማናውቀው አገር ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። ሆዳን እየተረጎመች ታነብልኛለች። አንዱ ሐሊማ ዳገት ላይ ደርቃበት ሊያብድ ደርሷል፤ የተበላሸ ዕቃ ሸጣችሁልኝ ይላል፤ በነፃ ነው የወሰደው። «ደወሉን ምን እንዳደረገው ጠይቂው» አልኳት። ጠየቀችው። በማግስቱ አቤቱታውን አጠፋው።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ይዘን አይሻ ሄድን። ሆዳን ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ተከራይታ የሮብሌ ሳሎን ውስጥ፣ ከምንጣፉ በላይ ግራና ቀኝ አቆመች። የፍሬኑንና የኃይል መጨመሪያውን እጀታ እኔ ከእንጨት ሠርቼላት ነበር፤ እንደ እውነተኞቹ ከበድ እንዲሉ ውስጣቸው እርሳስ አቅልጬ አፍስሼ፤ ሆዳን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታቸዋለች። ሮብሌ ጫማውን አወለቀ፣ ወንበሩን አስተካከለ፣ እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ።

«የት ነው ያለነው?»

«አዲጋላ» አለችው ሆዳን። «አሥራ ሁለት ፉርጎ ይዘሃል። ሰውም አለ።»

አስነሣ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሮብሌ ፊቱን ወደ ጣሪያው አቅንቶ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። «አምስተኛው» አለ በቀስታ፣ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ነዳ።

ቁልቁለቱን ሲወርድ አንድም ነገር አልነገርነውም። የሀዲዱን መጋጠሚያ ምት በጣቱ ጉልበቱ ላይ እየቆጠረ ፍጥነቱን ያውቃል። ፍሬኑን ትንሽ ይይዛል፤ አየሩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ እንደገና አይነካውም። ድልድዩ ላይ ድምፁ ባዶ ሲሆን፣ «አሃ፣ እዚህ ነን» አለ። እኔና ሆዳን ስክሪኑን ማየት ትተን እሱን እናያለን። አይሻ ስንቀርብ ጡሩምባዋን ሁለት ጊዜ ነፋ። ውጭ የሚያልፉ ሰዎች በመስኮት አዩን፤ ጎረቤቶች ገቡ፤ ቤቱ ሞላ።

ፍሬኑን ያዘው። ለቀቀው። ትንሽ ጨመረበት። ሐሊማ ረጅም አየር ተነፈሰችና ቆመች። ስክሪኑን አየሁ፤ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ነው፣ አንድ ክንድ እንኳ ያለፈችው የለም።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሮብሌ ግን እጁን ከእጀታው ላይ አላነሣም። «ተሳፋሪው ወርዷል?» አለ።

«ወርዷል» አለች ሆዳን፣ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች።

«እንግዲህ ወደሚቀጥለው ጣቢያ፣ ወደ ደወሌ እንሂድ።»

ሆዳን ተመለከተችኝ። «አባባ፣ መስመሩ እዚህ ያበቃል። ከአይሻ በኋላ ያለውን አልሠራነውም።»

ሮብሌ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይዞ፣ ወንበሩ ላይ ደላደል አለና እግሩን ዘረጋ።

«ሥሩት ታዲያ» አለ። «እኔ እዚሁ ባቡሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።»

ሆዳን ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ከአይሻ ወጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፈውን የመጀመሪያ ኩርባ መሳል ጀመርኩ።